ሐጃ ያጠቡት ባቡር

ብቸኝነት ሰውን ምን ያሠራዋል ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ አጭር ነው፤ ፉርጎ ያሠራዋል። ሌላውን ሰው መጠጥ ያስጠጣዋል፣ በጥድፊያ ትዳር ያስገባዋል ይባላል። እኔን ግን በአርባ ሦስት ዓመቴ መሬት ላይ አስቀምጦ፣ መቀስ አስይዞ፣ የሳልሳ ጣሳ እያስቆረጠ የባቡር ፉርጎ አሠራኝ። ያውም አንድ ቀን እንኳ ባቡር አልፎበት በማያውቀው አሶሳ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ሥራዬ መሬት መቀየስ ነው። አሶሳ ስመደብ ለስድስት ወር ነው ተብዬ ነበር፤ ስድስቱ ወር ይኸው አራተኛ ዓመቱን ይዟል። የምኖረው በሐጃ ዘይነብ ግቢ፣ ማንጎው ሥር ባለችው አንዲት ክፍል ነው። የማንጎው ፍሬ ሲበስል ከቅርንጫፉ ተላቆ ቆርቆሮዬን ጓ ያደርገዋል። ከእሱ በቀር ቤቴን የሚያንኳኳ አልነበረም። መጀመሪያ ሰሞን እንግዳ መጣ ብዬ ሸሚዜን አስተካክዬ በር የከፈትኩባቸው ቀናት ነበሩ። ሳቁ፣ ግዴለም። እኔም ያኔ ብቻዬን ስቄያለሁ።

ጓደኛ ለምን አላበጀህም የሚል አይጠፋም። እንግዲህ የድሬ ልጅ ሆኜ ጫት አልቅምም፤ ይሄ ነገር እዚያው ድሬም ሰው ያሳጣኛል። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ባለትዳር ናቸው፤ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሞላ ሁሉም ወደየቤቱ ነው። እሑድ እሑድ ሻይ ቤት እቀመጥ ነበር። እዚያ የምታናግረኝ አስተናጋጇ ብቻ ናት፤ እሷም የምትለኝ «ስኳር ልጨምር?» ነው። ወሬው እንዲረዝም ብዬ ሦስት ጊዜ አስጨምር ነበር። በኋላ ለጨዋታ ስል የስኳር በሽታ ላመጣ ነው ብዬ ተውኩት።

የአሶሳን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከጀመረ የዓመቱን እኩሌታ ይበላል። አንድ ክረምት ላይ ከአልጋዬ ላይ ተጋድሜ የጣሪያውን ማገሮች ለሰባተኛ ጊዜ ስቆጥር አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ የምድር ባቡር አናጺ ነበር፤ የተሰበረ የፉርጎ ወለልና በር ይጠግናል። ልጅ ሆኜ እጄን ይዞ በቆሙት ፉርጎዎች መሃል ያዞረኝ ነበር። በጣቱ የአንዱን ጎን ጠረግ ያደርግና አቧራውን አይቶ «ይሄ ከጅቡቲ ነው የመጣው፣ ጨው አለው» ይላል። ወደ ቀጣዩ ሄዶ «ይሄ አዋሽ ላይ ዝናብ አግኝቶታል» ይላል። ሌላውን ይነካና «ይሄ ሰነፍ ከዚህ ግቢ ወጥቶ አያውቅም» ይላል። ከዚያ ጣቱን በሱሪው ጠርጎ፣ «ፉርጎ አይዋሽም፤ የት እንደከረመ አቧራው ይናገራል» ብሎ ይደመድማል። አባቴ ከሞተ ሰባት ዓመት ሆነው። ናፈቀኝ። በጣም ናፈቀኝና፣ ቢነሣ በጣቱ ነክቶ የሚያውቀውን አንድ ፉርጎ ልሥራ አልኩ። እብደቱ እንዲህ ጀመረ።

ፉርጎው ክንድ አይሞላም። ወለሉና ጎኑ ቀርከሃ ነው፤ በምላጭ እየሰነጠቅኩ እንደ ሳንቃ ደርድሬ በኮላ አጣበቅኩት። ጣሪያው የሳልሳ ጣሳ ነው፤ በሚዶ ላይ እየተጫንኩ ሸንተረር አወጣሁለት። ሃዲዱ የተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ፣ መንኮራኩሩ የጠርሙስ ቆርኪ። ከጎኑ አባቴ ይሠራበት የነበረውን የጥገና ቤት በካርቶን አቆምኩ፤ የጎበጠው በሩና አባቴ ምሳ ዕቃውን የሚሰቅልባት ምስማር እንኳ አልቀሩም። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም፤ በክልሉ ካሉ ፉርጎ ሠሪዎች ሁሉ አንደኛ ሆንኩ።

ለካ መሥራቱ ቀላል ነው፤ መከራው ማስረጀቱ ነው። የሚያብረቀርቅ ፉርጎ ያየ የድሬ ሰው የለም። ስለዚህ ሰው ንብረቱን ሲያሳምር እኔ ከሥራ ስወጣ ንብረቴን ለማበላሸት እጣደፋለሁ። ምስማር በአቼቶ ዘፍዝፌ አሥር ቀን አስቀመጥኩ፤ ውሃው ሲቀላ ያንን በብሩሽ ጣሪያው ላይ ቀባሁ። ቤቴ እንደ ሰላጣ ሳህን ሸተተ። ለቀርከሃው ደግሞ ወፍራም ሻይ አፈላለሁ። አንድ እሑድ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄዶ ብሩሹን በሻዬ ነከርኩና የዝገቱን አቼቶ ፉት አልኩት። ሁለት ቀን ሙሉ ምስማር ምስማር አገሳሁ። ለዚህ እንኳ የሚስቅብኝ ሰው አልነበረም፤ ለእህቴ ደውዬ ነገርኳትና ስቃ ዘጋችው።

ቀረ የምለው አቧራው ነበር። የአሶሳ አፈር ቀይ ነው፤ የድሬ አሸዋ ነጣ ያለ ግራጫ ነው። የድሬን ፉርጎ በአሶሳ አፈር ማቆሸሽ አባቴን ፊት ለፊት መዋሸት መስሎ ተሰማኝ። እንደገና ለእህቴ ደወልኩ።

«ሃዲዱ ሥር ሄደሽ አንድ ጣሳ አቧራ ላኪልኝ።»

«አቦ! አሞሃል እንዴ?»

«አላመመኝም። ላኪልኝ።»

«ሚስት ፈልግ ስንልህ አቧራ ትፈልጋለህ?» አለች። ግን ላከች፤ በዱቄት ወተት ጣሳ ሞልታ፣ አፉን በፕላስተር አሽጋ፣ ወደ አሶሳ በሚመጣ ሰው እጅ። መናኸሪያ ሄጄ ልቀበል ስል ፈታሹ ጣሳውን ከፍቶ አሸተተ።

«ምንድነው ይሄ?»

«አፈር ነው።»

«የምን አፈር?»

«የድሬዳዋ።»

«አሶሳ አፈር ጠፍቶ ነው?»

«ቀለሙ አይሆነኝም። ፉርጎ ላቆሽሽበት ነው።»

ባልደረባውን ጠራ። ባልደረባው ጣቱን ነክሮ ቀመሰና ተፋ። «አፈር ነው» አለ፣ ሌላ ነገር ጠብቆ እንደነበር ያስታውቃል። ከዚያ ሁለቱም ጣሳውን ትተው እኔን ያዩ ጀመር። የመጀመሪያው ድምፁን አለስልሶ «ቤተሰብ አለህ?» አለኝ።

«እዚህ የለኝም።»

«በቃ ሂድ፣ ወንድሜ» አለኝ። «ሂድ።»

ያንን አቧራ በሻሽ ነፋሁት፤ በለስላሳ ብሩሽ በጣሪያው ሸንተረር፣ በበሩ ስንጥቅ፣ በመንኮራኩሩ ጥግ ሁሉ ትንሽ ትንሽ እያልኩ አለበስኩት። አራት ወር ፈጀብኝ። ጣሳው ተሟጦ አለቀ። በመጨረሻው ቀን ጣቴን በጎኑ አሳልፌ አየሁት፤ ድሬ ነበር። ዓይኔ እንባ አቀረረ። የማሳየው ሰው ፈልጌ ዞር ብል አልጋዬና ጃንጥላዬ ብቻ አሉ።

በሚያዝያ ወር ለአምስት ቀን ቅየሳ ወደ ባምባሲ ተላክሁ። ዝናብ ቢጥል በሚያፈሰው ቦታ ሳፋ እንዲያስቀምጡልኝ ቁልፉን ለሐጃ ሰጠሁ። ሐጃ ዘይነብ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናቸው፤ ቀልጣፋ አሮጊት፣ ሥራ ፈት እጅ የማይወዱ። አማርኛ ሦስተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ ግሡን ሁሉ አንድ ዓይነት ልብስ ያለብሱታል። የእኔ በርታኛ ግን ከሰላምታ አልፎ ስለማያውቅ በዚህ እሳቸውን መተቸት አይገባኝም።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ግቢ ስገባ ማዳበሪያ ላይ የተሰጣ ነገር አየሁ። መጀመሪያ ድስት ነው ያልኩት። ቀረብ ስል ፉርጎዬ ነው። ጣሪያው ፀሐይዋን እየመለሰ ዓይኔን ወጋኝ። ቀርከሃው እንደ ሕፃን ጥርስ ነጥቷል። የካርቶኑ የጥገና ቤት ውሃ ጠጥቶ ወገቡን ይዞ ቆሟል።

ሐጃ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ በኩራት መጡ። «ወላሂ ልጄ፣ እኔ ያንተ ቤት ገባ፤ አፈር ብቻ! ይሄ ዕቃ ራሱ ዝገት፣ አፈር። እኔ አዘነ። ሚስኪን፣ የሚያጥብለት ሰው የለም አለ። በሳሙና አጠበ፣ በአሸዋ ፈተገ። አሁን እይ፣ አዲስ!»

ምን ልበል? አራት ወር ያቆሸሽኩት ነው፣ እናቴ፣ ልበል? ከሦስት ዓመት በላይ በዚያ ግቢ ስኖር «ሰው የለውም» ብሎ ያዘነልኝ የመጀመሪያው ሰው አቧራዬን አጥቦ ደፋው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሐጃ» አልኩ። የድሬ አቧራ የት እንደሄደ ፈለግሁ፤ በማንጎው ሥር ባለችው ቦይ ግራጫ መስመር ሠርቶ ደርቋል።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የእኔ ጉድ መስከረምን አልጠበቀም። እኔ ቦይዋ ላይ ጎንበስ ብዬ ሳለሁ ከበሩ ላይ ድምፅ ሰማሁ። ጋሽ ይመር ናቸው፤ ከግቢያችን ጎን እህል የሚሸጡት ሽማግሌ። በደርግ ጊዜ ከወሎ በሠፈራ የመጡ ናቸው፤ አርባ ዓመት ኖረውበት የወሎ አነጋገራቸውን አልተዉም። ፉርጎውን ዞረው አዩት። ሃዲዱን አዩ። ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ትከሻዬ ላይ ያለውን የቅየሳ መሣሪያ አዩ።

«ኢንጂነር» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሊገባ ነው እንዴ?»

«ምኑ?»

«ባቡሩ ነዋ! አብሽሩ፣ ለማንም አልናገር። እኛን ወደዚህ ሲያመጡን ቤቱ ተሠርቷል ብለውን ነበር፤ በሥዕል እንኳ አላሳዩንም። እርስዎ ግን በቆርቆሮ ሠርተው እያሳዩን ነው። ይሄ እውነት ቢሆን ነው!»

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። አፌንም ከፍቼ ነበር። ግን ጋሽ ይመር በርጩማ ስበው ተቀመጡ። ሰው ቤቴ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ! ሻይ ሊጠጣ የመጣ ሰው ይመስል ተመቻችተው «በየት በኩል ነው የሚያልፈው?» አሉ።

«ገና አልተወሰነም» አልኩ።

ይህ ቃል ውሸት አይደለም። ይህ የመንግሥት ሠራተኛ እውነት ነው።

ለማንም አልናገር ያሉት ጋሽ ይመር ምን ያህል እንደቻሉ በማግሥቱ አየሁ። ከሥራ ስመለስ ግቢው ውስጥ አሥር ሰው ቆሟል። በሦስተኛው ቀን ሐጃ ምንጣፍ አነጠፉ። ለቀርከሃው ቀለም የማፈላበት ማንቆርቆሪያ ሳያርፍ ለእንግዳ ሻይ ያፈላ ጀመር። አንዱ መምህር የካርቶኑን ቤት እያሳየ ጣቢያው ለምን አነሰ ብሎ ተከራከረኝ። አንዲት እናት ልጇ ጾሬ የስደተኞች መጠለያ ስለሚሠራ እዚያም ይቁምልን አለች። ጋሽ ይመር በየቀኑ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቁኛል። «ወሎ ይደርሳል?» እኔም በየቀኑ «ገና አልተወሰነም» እላለሁ። እንግዳ ሲበዛ ብርጭቆ ስላነሰኝ ስድስት ገዛሁ። ስድስት ብርጭቆ! ማታ አጥቤ ስደረድራቸው በደስታ ብቻዬን አፏጫለሁ። እወቁልኝ፣ ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም። ሰው ርቦኝ ነው።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚሉት እውነት ነው፤ ግን ስንቁ ያለቀ ዕለት ይርብሃል። የእኔ ያለቀው ሐሙስ ነው። ከሥራ ስመለስ በሩ ላይ ባዶ አይሱዙ ቆሟል። የማንጎ ነጋዴ ነው፤ በየዓመቱ የሐጃን ማንጎ ከዛፉ አስለቅሞ የሚጭነው እሱ ነው። ሐጃ እጃቸውን እያወዛወዙ ያባርሩታል።

«አንተ ሂድ! እኔ ዘንድሮ አይሸጥም። የኔ ማንጎ ባቡር ይጭናል!»

ነጋዴው ጭንቅላቱን ይዞ ሄደ። «ነገ ጠዋት ጭኜ እወጣለሁ፣ ሐጃ፤ ሌላ መኪና የለም» ብሎ ነበር ሲወጣ። ሐጃ ግን ወደ እኔ ዞረው በአገጫቸው ፉርጎውን አሳዩኝ። «ልጄ፣ ትልቁ ስንት ጆንያ ይይዛል?»

ማንጎ በዚህ አገር እንዴት እንደሚበሰብስ አይቻለሁ። የሚጭነው ሲጠፋ ግቢው በሙሉ ይቦካል፤ ዝንቡ ደጅ አያስቀምጥም። የዓመት ልፋታቸው ነው። ከሳምንት በኋላ ቆርቆሮዬ ላይ እየወደቀ የሚበሰብሰው ያ ነው፤ እኔም እሱ ሥር ተኝቼ ስድስት ብርጭቆ እቆጥራለሁ።

«ሐጃ» አልኩ፣ «ባቡር አይመጣም።»

ግቢው ውስጥ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጋሽ ይመር ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ዘንድሮ?» አሉ ሐጃ።

«ዘንድሮም ሌላ ጊዜም፤ እኔ የማውቀው ባቡር የለም። ይሄ የሥራ ጉዳይ አይደለም። አባቴ ፉርጎ ይጠግን ነበር። ናፍቆኝ ሠራሁት። አቧራውም ከአባቴ ግቢ የመጣ ነበር፤ እርስዎ ቆሻሻ መስሎዎት አጠቡት። እናንተ መጥታችሁ ስትቀመጡ ደስ አለኝና እውነቱን ሳልናገር ቀረሁ። በቃ። ይኸው ነው።»

መሬት የሚቀይስ ሰው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ይለው ነበር። መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገና ወጣ። ሌላውም ተከተለው። ጋሽ ይመር ስልካቸውን አውጥተው ለነጋዴው ደወሉና «ተመለስ፣ ባቡሩ ቀርቷል» አሉት። ከዚያ እሳቸውም እኔን ሳያዩኝ ወጡ። በማግሥቱ ጠዋት ማንጎው ተለቅሞ ተጫነ። ሐጃ አይሱዙው እስኪወጣ ድረስ አላናገሩኝም፤ ከወጣም በኋላ አላናገሩኝም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት በሕይወቴ እጅግ የከበዱኝ ናቸው። ቀድሞ ሰው ምን እንደሆነ ረስቼው ስለነበር ብቸኝነቱን ችዬው ነበር። አሁን ስድስት ብርጭቆ መደርደሪያው ላይ አፋቸውን ደፍተው ያዩኛል። ምንጣፉ ተጠቅልሏል። ዛፉም ተራግፏል፤ ቆርቆሮዬን የሚያንኳኳ ማንጎ እንኳ ጠፋ። ፉርጎውን አልጋዬ ሥር ገፋሁት። እያብለጨለጨ ጨለማው ውስጥ ሆኖ ያየኛል፤ የትም ያልሄደ፣ ምንም ያላየ ፉርጎ።

በሳምንቱ እሑድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ማንጎ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሸሚዜን ሳላስተካክል ከፈትኩ።

ሐጃ ናቸው፤ በሰፌድ የተነፋ ቀይ አፈር ይዘዋል። ከኋላቸው ጋሽ ይመር በርጩማቸውን አንጠልጥለው ቆመዋል።

«እኔ ያንተ አባት አፈር ደፋ» አሉ ሐጃ። «እኔ አላወቀ። ይሄ የኔ ግቢ አፈር ነው። ሦስት ጊዜ ነፋ፤ ድንጋይ የለም።»

ቀዩን አፈር አየሁት። የድሬ ፉርጎ ቀይ አቧራ አያውቅም፤ ስህተት ነው፤ አባቴን መዋሸት ነው ልል ነበር። ሐጃ ግን ገብተው ፉርጎውን ከአልጋ ሥር ጎትተው አወጡት፤ ሻዩንም ጣዱ። ብሩሹን አንሥቼ አንድ ጊዜ እንዳሳለፍኩ ጋሽ ይመር ነጠቁኝ።

«አንተ፣ እዚህ ጋ ሳትከው» አሉኝ፣ አፈሩን በጣሪያው ሸንተረር ላይ እየነሰነሱ። ልብ አልኩ፤ ኢንጂነሩም አንቱታውም ቀርቷል። «ከዚህ በኋላ ደግሞ የኔን ቤት ትሠራልኛለህ። ወሎ የተውኩትን። በሩ ወደ ምሥራቅ ነው የሚዞረው፤ እነግርሃለሁ።»

«ሐጃ፣ ተቀይመውኛል?» አልኩ።

«በጣም» አሉ። «ስኳር የት ነው?»

ፉርጎው ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ከጣሪያው እስከ መንኮራኩሩ ቀይ ነው። አባቴ ቢነሣና ጣቱን በጎኑ ቢያሳልፍ ግራ እንደሚገባው አውቃለሁ። ጨው የለው፣ የአዋሽ ጭቃ የለው። «ይሄስ የት ከርሞ ነው?» ይለኛል። አሶሳ እለዋለሁ።

«ብቻውን?» ካለኝ፣ እስከ ሚያዝያ ድረስ እለዋለሁ።